ማዳበሪያ የጠገበው ጎመን

«ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው አማት አልነበረውም። ቢኖረውም አማቱ ታመው ከበደሳ መጥተው እሱ ቤት አልተኙም፤ ቢተኙም ጎመን አላማራቸውም። እኔ በጎመን የተነሣ እንቅልፌን፣ ጉልበቴን፣ አንድ የሰው ሱሪና የሰፈሩን ግማሽ አክብሮት ያጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ እንኳ ገበያ ውስጥ የታሰረ ጎመን ሳይ እግሬ ይዝልና የሚቀመጥበት ድንጋይ ይፈልጋል።

ነገሩ የሆነው ሰው ሁሉ ጓድ በነበረበት፣ ስኳር በራሽን በሚታደልበት ዘመን ነው። እኔ አሰበ ተፈሪ፣ ገጠሩ ጭሮ በሚላት ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር በአንዲት በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ልብስ ሰፊ ማለት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚደክም ሰው ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። እነሱ የስፌት መኪና በእግራቸው ረግጠው አያውቁም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ በእግር ድሬዳዋ ደርሶ እንደመመለስ ነው። ስለዚህ ድካምን ለእኔ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም።

አማቴ እማማ ሀሊማ ትኩሳት ይዟቸው ከርሞ፣ ሆስፒታልም ተኝተውበት፣ ሲለቃቸው እኛ ቤት አረፉ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው እንጂ እህል አልገባ አላቸው። ሻይ ስናቀርብላቸው «የሕብረት ሱቁ ስኳር ውሃ ገብቶበታል» ብለው ይመልሳሉ። ሾርባ ስንሰጣቸው «የዘንድሮ ጨው ጉልበት የለውም» ይላሉ። ሁላችንም በሕብረት ሱቁ ላይ የየራሳችን ቅሬታ ስለነበረን ማንም አልተከራከራቸውም። እንዲያውም እኔ «እውነትዎን ነው እማማ፣ ሳሙናውም አረፋ የለውም» እያልኩ አግዛቸው ነበር።

መርፌ ሊወጋቸው የሚመጣው ድሬሰር አንድ ቀን ክንዳቸውን አገላብጦ አየና እኔንና ባለቤቴን ዘይነባን ወደ በረንዳው ጠራን። «በሽታው ሄዷል» አለን። «አሁን የሚፈራው አለመብላታቸው ነው። ሰውነታቸው አልቋል። ያማራቸውን ፈልጋችሁ ስጧቸው፤ ካልበሉ መርፌ ብቻውን ሰው አያቆምም።»

ዘይነባ ገብታ እናቷ አልጋ አጠገብ ተንበረከከች። ምን ያምርሻል ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ሀሊማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣

«ራፉ ጋራ» አሉ።

ራፉ ጋራ ማለት የተራራ ጎመን ማለት ነው። ማንም አይዘራውም፣ ማንም አይኮተኩተውም፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ራሱን ችሎ ይበቅላል። ቅጠሉ ከአይጥ ጆሮ አይበልጥም። ሲበሉት በመጀመሪያ ይመርራል፣ ከዚያ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ላይ ወጥቶ ዓይን ያስለቅሳል። በበደሳ በኩል ለወለደች፣ ከበሽታ ለተነሣ፣ ደም ላነሰው ሰው ይሰጡታል። ደም ያጠራል፣ ሆድ ይከፍታል ይሉታል። ሆድ ስለመክፈቱ በኋላ ላይ የምናገረው ይኖረኛል፤ ያ ግን የሌላ ቅጠል ጥፋት ነው።

የመጀመሪያውን ዘይነባ ራሷ ከከተማው በላይ ካለው ጋራ ለቅማ አመጣች። ቀቅላ አቀረበች። እማማ ሀሊማ «ፀሐይ መትቶታል» አሉ፤ ቢሆንም ጥቂት ጉርሻ ዋጡ። ዘይነባ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የደስታ ነው። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች ወጣችና «ነገ የምትወጣው አንተ ነህ» አለችኝ።

ወጣሁ። ያ ጋራ ሲወጡት ደረት፣ ሲወርዱት ጉልበት የሚበላ ጋራ ነው። በማግስቱም ወጣሁ። በበነጋታው ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ሐሳብ መጣልኝ። ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባላል፤ ድካም ደግሞ መንታ ይወልዳል። «እኔ በየቀኑ ወደ ጎመኑ ከምሄድ ጎመኑ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ለምን አይመጣም?» አልኩ። መቆፈሪያ ይዤ ወጣሁና ከጋራው ግርጌ ጀምሮ እጄ የደረሰበትን ሁሉ ከነሥሩ እየነቀልኩ በጆንያ አወረድኩት። ጓሮዬን ቆፍሬ ተከልኩት። ብልህ ሰው እንደሆንኩ ለመንገደኛው ሁሉ ነገርኩ።

በዚያው ሰሞን ቀበሌያችን የጓሮ አትክልት ዘመቻ ጀምሮ ነበርና ለየቤቱ አንዳንድ ጣሳ ነጭ ማዳበሪያ ታደለ። አጠቃቀሙ በስብሰባ ላይ በሰፊው ተብራርቷል። እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ዓይኔን ገልጬ መተኛት የምችል ሰው ስለሆንኩ የሰማሁት የመጨረሻውን ጭብጨባ ብቻ ነው። ስለዚህ በገባኝ መንገድ ሠራሁ። ጠዋት ቆንጠር፣ ማታ ቆንጠር፣ በላዩ ላይ ውሃ። ለታመመ ሰው በሚሆን ነገር ላይ መሰሰት አልወደድኩም።

ጎመኑ ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ተገረምኩ፣ በኋላ መፍራት ጀመርኩ። የአይጥ ጆሮ የነበረው ቅጠል የላም ጆሮ አክሎ አላቆመም። ዶሮአችን አንድ ቀን ገብታበት ጠፋችና በድምፅዋ ፈልገን አወጣናት። አረንጓዴው ያብረቀርቃል፣ ግንዱ ጣት ያህላል። ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ «ማሻአላህ» ይላሉ። ዘይነባ ቢላዋ ይዛ ልትቆርጥ ስትወጣ የጓሮ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ተሾመ በበሩ ገቡ።

ጓድ ተሾመ ቀጭን፣ ቁጡና ለሥራቸው ታማኝ ሰው ነበሩ። የእሳቸውን ሱሪ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ወገባቸው በየዓመቱ እየጠበበ የሚሄድ ብቸኛ ደንበኛዬ ናቸው። ጎመኑን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይህ ምንድን ነው ጓድ?»

«የተራራ ጎመን ነው።»

«የተራራ! እንግዲያው ተራራውን ድል አድርገን ወደ ጓሮ አወረድነው ማለት ነው!» አሉና ያንኑ ቀን «አርአያ ጓሮ» የሚል ቆርቆሮ በራችን ላይ አስመቱ። ከዚያም ጣታቸውን አንሥተው፣ ከአውራጃው እንግዶች መጥተው እስኪጎበኙት አንዲት ቅጠል እንዳትቆረጥ አሉ።

«አማቴ ታመዋል ጓድ። የተተከለው ለእሳቸው ነው።»

«ጓድ! የአንድ ሰው ሆድ ከሕዝብ ጉብኝት አይቀድምም። እንግዶቹ ነገ ናቸው።»

ነገ አልመጡም። በማግስቱም «ነገ» ተባለ። ዘይነባ ወደ ጋራው ብትወጣ ከግርጌው አንዲት ቅጠል አልቀረም፤ ሁሉንም ከነሥሩ ነቅዬው ነበር። የቀረው ከላይ፣ ገደሉ አፍ ላይ ያለው ነው፤ እዚያ ደግሞ ፍየልም አስባበት ነው የምትወጣው። እማማ ሀሊማ ወተት እየተጎነጩ ጣራ ጣራ ያያሉ። እኔ ስፌቴን ትቼ ማንም እንዳይቆርጠው ጎመን እጠብቃለሁ። የራሴን ጎመን ከሚስቴ እየጠበቅሁ ስውል ዘይነባ የምታየኝ አስተያየት ነበር፤ ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝ።

በመጨረሻ እንግዶቹ መጡ። አጨበጨቡ። አንዱ ቅጠሉን በክንዱ ለካው። ማንም አልቀመሰውም። የመኪናቸው አቧራ ሳይበን ዘይነባ ቢላዋዋን አውጥታ ቆረጠች፣ ቀቀለች፣ በቂቤ አሽታ አቀረበች። እማማ ሀሊማ ጎረሱ። አኘኩ። ከአንገታቸው ቀና ብለው እኔን ፈለጉኝ።

«ምን አድርገህበታል?»

«ምንም... ትንሽ ማዳበሪያ ብቻ፣ እማማ።»

«ማዳበሪያ!» አሉና ሳህኑን ገፉት። «ማሎ፣ በአላህ፣ ይኼ ጎመን ነው? ይኼ ውሃ ነው። ራፉዬን ገደልክብኝ።»

ዘይነባ ቀመሰችው። እኔም ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው፤ ምሬት የለው፣ ሽታ የለው፣ አፍንጫ ላይ የሚወጣ ነገር የለው። ጥርስ ውስጥ እንደ ሰላጣ ይንኮሻኮሽና ያልፋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ የሚጎድለው ሁሉ የእኔ ማዳበሪያ ሆነ።

የደከመው ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ በርጫ። ወዳጄ አብዱራህማን ጫት ነጋዴ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሰው አይጠፋም። ከጎመኑ ትልቁን ቅጠል ይዤ ሄድኩና ነገሩን አወራሁ። አብዱራህማን አልጋውን እንደተደገፈ ቅጠሉን ከጫቱ ጋር ያዘ፣ ወደ ብርሃን አዞረው፣ በጣቱ አሸው፣ ከዚያ ጥሬውን ቆርጦ ጉንጩ ውስጥ ከተተ። ለቀሩትም እያካፈለ አዳረሰ። የእኔ ጎመን እንደ ጫት ተቃመ።

«ወንድሜ፣» አለ አብዱራህማን በመጨረሻ፣ «ይኼ ጎመን ጠግቧል።»

«ጎመን ይጠግባል እንዴ?»

«ጫትስ ይጠግብ የለ? ማዳበሪያና ውሃ ያገኘ ጫት ቅጠሉ ይሰፋል፣ ያብረቀርቃል፣ አፍ ውስጥ ግን ሣር ነው። ሰውን የሚያመረቅነው ጭንጫ ላይ በጥማት ያደገው ነው። ያንተም ጎመን ጋራ ላይ እያለ ፍየል አለበት፣ ትል አለበት፣ ፀሐይ አለበት። እንዳይበሉት ብሎ ይመርራል። ያ ምሬቱ ነው መድኃኒቱ። አንተ ጓሮ አምጥተህ፣ ውሃ አጠጥተህ፣ ደመወዝ ቆረጥክለት። ከእንግዲህ ማንን ፈርቶ ይመረር? ጉልበቱን ሁሉ ቅጠል ማስፋት ላይ ጨረሰው።»

ሰው ሁሉ «ወላሂ እውነት ነው» አለ። እኔ በልቤ እንዲህ ከሆነ እኔ ራሴ መድኃኒት መሆን ነበረብኝ አልኩ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ማዳበሪያ ቀምሼ አላውቅም። ከዚያ ምክር መዝነብ ጀመረ። ውሃ ከልክለው አሉ። አመድ አልብሰው አሉ። ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ «ፍየል እሰርበት። ሲፈራ ይመርራል» አለ። በርጫ ላይ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ያን ጊዜ ትክክል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ቤቱ ሲደርስ ነው።

ውሃ ከለከልኩት፤ በማግስቱ ዝናብ ዘነበ። አመድ አለበስኩት፤ ደስ አለውና አበበ። ፍየል ተውሼ አጠገቡ አሰርኩ። ፍየሏ አንዱን ቅጠል ቀንጥባ አኘከች፣ አሰበች፣ ተፋችው። ከዚያ ገመዷን በጥሳ በረንዳዬ ላይ ወጥታ፣ ተሰፍቶ ያለቀውን የጓድ ተሾመን ሱሪ ከጉልበቱ በታች በላችው። ፍየል የተፋችውን ጎመን ለአማቴ እንዳቀረብኩ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሱሪያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ጓድ ተሾመ አልተቆጡም። የቀረውን ገልብጠው አዩና፣ «ቁምጣ ነው እንዴ ያዘዝኩህ?» ብለው ሄዱ። እንደዚያ ቀስ ብለው ሲናገሩ ከመቆጣታቸው ይብሳል።

ቀጥሎ ማታለል አሰብኩ። ምሬት ከሆነ የጎደለው፣ ምሬት ሞልቷል። የግራዋ ቅጠል ወቅጬ ጨመቅሁና ዘይነባ ሳታየኝ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩት። ግራዋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ አይወቀው። ዘይነባ ጨው ለመቅመስ ብላ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ፊቷ ተጨማደደ፣ ምላሷን በነጠላዋ ጠረገችው። እኔም እንዳይታወቅብኝ ብዬ «ጥሩ ነው» እያልኩ ሳህን ሙሉ በላሁ። ከሰዓት በኋላ እኔና እሷ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ስኳር እንደሚታደልበት ቀን ተሰልፈን ዋልን።

እማማ ሀሊማ ግን አንድ ጉርሻ ጎርሰው ፊታቸውን ሳያጨማድዱ አኘኩና፣ «ማዳበሪያው አሁንም አለ» ብለው አስቀመጡት።

ተደነቅሁ። እኛን ያንገፈገፈን ግራዋ እሳቸውን ማታለል አልቻለም! የዚህን ምላስ ነገር በየበርጫው አወራሁት። ጎረቤቶች ሽንኩርታቸውን፣ ቲማቲማቸውን፣ ካሮታቸውን ይዘው እየመጡ አልጋቸው አጠገብ ያስፈርዱ ጀመር። እማማ ሀሊማ ሁሉንም ይቀምሳሉ፤ ፍርዳቸውም አንድ ነው፦ «ማዳበሪያ»። አንዲት ሴት ከሱቅ የገዛችውን ከረሜላ ሰጥታቸው እሱንም ማዳበሪያ አሉት። ጓድ ተሾመ ወሬውን ሰምተው መጡና፣ አልጋ ላይ የተኙ እናት ዘመቻውን እያጥላሉ ስለሆነ እንድመክራቸው አሳሰቡኝ። «አርአያ ጓሮ» የሚለውንም ቆርቆሮ ነቅለው ይዘውት ሄዱ።

ስቄ ነበር፤ አልዋሽም። አንድ ጠዋት ግን ቀና አድርጌ ትራስ ልደግፋቸው ብዬ ከብብታቸው ሥር ስይዛቸው ክብደት አጣሁባቸው። ያነሣሁት ሰው ሳይሆን ነጠላ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሳቄ አልመጣም።

ዘይነባ ልብስ በሻንጣ ስትከት አገኘኋት።

«ቅዳሜ በደሳ ይዣት እሄዳለሁ» አለችኝ ሳታየኝ። «እዚያ የአገሯን ራፉ ትብላ። ካልበላችም ከአባቴ ጎን ትቀበራለች። እዚህ በጎመን ስትቀልዱባት አላያትም።»

«እኔስ?»

«አንተ ጓሮህን ጠብቅ።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ ጋራው ወጣሁ። ግርጌውን አለፍኩ፣ ወገቡን አለፍኩ፣ ፍየሎቹ የሚቆሙበትን አለፍኩ። ትንፋሼ ከኔ ተለይታ ከኋላዬ ትመጣ ነበር። ገደሉ አፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ እጄን ስሰድ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አገኘሁት፤ ትንሽ፣ አቧራ የለበሰ፣ ትል የበሳሳው፣ ኮስማና ቅጠል። አንዱን አኘክሁ። መጀመሪያ ምሬቱ መጣ። ከዚያ አፍንጫዬ ላይ ወጣና እንባዬ ፈሰሰ። እውነቱን ለመናገር እንባው ሁሉ የጎመኑ አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር፣ ፈርቼም ነበር። እዚያ ድንጋይ ላይ ማዳበሪያ ቀርቶ የሰው ጥላ አርፎ አያውቅም። ነጠላዬን ሞልቼ፣ ቁልቁለቱን ግማሹን በእግሬ ግማሹን በመቀመጫዬ ወረድኩ።

ዘይነባ ተቀብላኝ ቀቀለችው። ክዳኑን ስትከፍት እንፋሎቱ ሁለታችንንም አስነጠሰን። ቀመሰችውና ሳል ያዛት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ በብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችልኝ። «እሱ ነው» አለች። «ወላሂ እሱ ነው።»

እማማ ሀሊማን ቀና አድርገን ደገፍናቸው። ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። አኘኩ። ዘይነባ እጄን ይዛ ጨመቀችኝ። እሳቸው ቀስ ብለው አኘኩ፣ ቆሙ፣ እንደገና አኘኩ፤ የጠፋ ነገር አፋቸው ውስጥ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ዓይናቸው አልረጠበም። አላስነጠሳቸውም።

«ይኼም ማዳበሪያ አለበት» አሉ።

ዘይነባ አየችኝ። እኔ የዚያ ቅጠል ምሬት ገና ከጉሮሮዬ አልወረደም ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ትኩሳቱ ሲሄድ ባዶ እጁን አልሄደም፤ የምላሳቸውን ጣዕም ይዞት ሄዷል። እማማ ሀሊማ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም፤ ውስጡ ፍርሃት ነበር። ጥፋቱ የጎመኑ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

«እማ፣» ብላ ጀመረች ዘይነባ፣ «ይኼ እኮ ከገደሉ ላይ...»

ክንዷን ያዝኩት።

«እውነትዎን ነው እማማ» አልኩ። «ገደሉ ላይ ወጥቼ ትንሽ ጨምሬበት ነበር።»

እማማ ሀሊማ ብዙ አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አላልኩም? ምላሴ አይዋሽም።»

«አይዋሽም እማ» አለች ዘይነባ።

«ምን ይደረግ፣» አሉ እጃቸውን ወደ ሳህኑ እየሰደዱ፣ «አማች አይጣልም።» እና ደግመው ጎረሱ።